ከመስቀል እስከ ጥምቀት፦ የፍሉት ረጅም ድምፅ ማስታወሻ

መስከረም፣ የመስቀል ማግስት

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ጠዋት ጠዋት ከማንኛውም ነገር በፊት ፍሉት ላይ ረጅም ድምፅ መንፋት። ስኬል (ኖታዎችን በተርታ መውጣትና መውረድ) የለም፣ ዘፈን የለም። አንድ ኖታ ከዝምታ ማውጣት፣ ማቆየት፣ ወደ ዝምታ መመለስ፤ ቀጥሎ ጎረቤቱን። እስከ ጥምቀት ልቀጥልና የሰማሁትን እየጻፍኩ ልሂድ ብዬ ጀመርኩ።

የተነሳሁት ከዋሽንት ነው። ማታ ማታ የባህል ምሽት ቤት ውስጥ የምነፋው እሱን ነው። ፍሉቱ በኋላ የመጣ ነው፤ ያገለገለ፣ ብር የተለበጠ፣ የተማሪ የሚባለው ዓይነት። ጣቶቼ ቶሎ ለመዱት፤ ድምፁ ግን ወደኋላ ቀረ። ፈጠን ያለ ነገር ላይ ጉዱ አይታይም። ትዝታ ላይ ዝግ ብዬ አንዱን ኖታ ያዝ ሳደርግ ነው የሚጋለጠው፦ መሃሉ ላይ ይሳሳል፣ ጫፉ ላይ ይወርዳል።

ፒያሳ አካባቢ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጡረታ የወጡ ሰው አሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ዜማ አስጀምረውኝ ሳላጋምሰው አስቆሙኝና፣ «ጣትህን ተወው፤ እሱን ዋሽንት አሳድጎታል። ያላደገው ከንፈርህ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ክላርኔት ሪድ የሚባል የሚርገበገብ ስስ ሸምበቆ አለው። ትራምፔት ከንፈር የሚያርፍበት ጎድጓዳ አፍ አለው። ፍሉት ላይ ትንፋሹን አጥብቦ፣ አቅጣጫ ሰጥቶ፣ ከቀዳዳው ማዶ ያለው ጠርዝ ላይ የሚያሳርፈው ከንፈር ብቻ ነው። እቃውን ትንሽ ወደ ውስጥ ካዞርከው ድምፁ ይወርዳል፤ ወደ ውጭ ካዞርከው ይወጣል። ጠንከር አድርገህ ስትነፋ ይወጣል፤ ስታለሰልስ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚሆነው፤ ዜማ እየሮጠ የትኛው እንደበደለህ መለየት አይቻልም። ረጅም ድምፅ ላይ ግን ጣት ሥራ ይፈታና ጆሮ ሥራ ያገኛል። ከዚህ ልምምድ የምጠብቀው ይህን ነው፣ ሌላው ትርፍ ነው።

ጥቅምት መጀመሪያ

ቤቴ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ነው፤ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሲሚንቶ ወለል። ለመንፋት የምትመች አይደለችም፤ ሲሚንቶውና ቆርቆሮው ድምፅን ያሳምራሉ፣ ያታልላሉም። ስለዚህ አልጋው ወዳለበት ጥግ፣ ወደ ተሰቀሉት ካፖርቶች ዞሬ ነው የምቆመው። ጨርቅ አያሞግስም። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፤ ከዚያ ካለፈ የታክሲ ረዳቶች «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ማለት ይጀምራሉ።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ሜትሮኖሙ (ምት ቆጣሪው) 60 ላይ፣ በሰከንድ አንድ ምት ማለት ነው። አራት ምት አየር ማስገባት፣ ስምንት ምት መንፋት፣ አራት ምት ማረፍ። መነሻው ሲ ነው፤ ከዚያ በግማሽ ድምፅ ወደ ታች፦ ሲ ወደ ሲ ፍላት፣ ሲ ፍላት ወደ ላ፣ ላ ወደ ላ ፍላት፣ እያለ እስከ ታችኛው ዶ። ይህን መንገድ ያስለመደው ፈረንሳዊው ፍሉተኛ ማርሴል ሞይዝ ነው፤ መልመጃውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ሐሳቡ የሚገርም ቀላል ነው፦ ደህና ከሚወጣልህ ኖታ ተነስ፣ ያንን ድምፅ ሳታፈስስ ወደ ጎረቤቱ ውሰደው፣ ከዚያ እሱን ይዘህ ወደሚቀጥለው። የምታደምጠው ሁለቱን ኖታዎች ሳይሆን መሻገሪያውን ነው።

ምላስ አልጠቀምም። «ቱ» ብሎ መጀመር የደከመ አጀማመርን ይሸፍናል። በትንፋሽ ብቻ «ሁ» ብለህ ስትጀምር ከንፈሩ ቦታው ላይ ከሌለ ድምፅ የለም፣ የሚመጣው ነፋስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠዋቶች በአብዛኛው ነፋስ ናቸው።

አከራዬ እማማ ልብስ ሲያሰጡ በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀመረው?»

«እየተዘጋጀሁ ነው እማማ።»

«ይሁን። ብቻ ሠርጉ እንዳያልፍህ።»

ጥቅምት አጋማሽ

የእማማ የልጅ ልጅ ነገሩን ጨዋታ አደረገው። ስልኩ ላይ ሰዓት ከፍቶ በር ላይ ይቆማል፤ ስጨርስ ሰከንዱን ይነግረኛል። ልጁ ላይ አልፈርድም፤ ነፊ የሆኑ ጓደኞቼም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፦ «ስንት ደረስክ?»

ጋሼን ስንት ሰከንድ መያዝ እንዳለብኝ ብጠይቃቸው፣ «ሰከንዱን ማን ጠየቀህ? ገበያ ልትወስደው ነው?» አሉ።

እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። ለርዝመት ብለህ ስትነፋ መጀመሪያ የሚሆነው የከንፈሩ ክፍተት መጥበብ ነው፤ ድምፁ ይቀጥናል፣ መሃሉ ባዶ ይሆናል። መጨረሻ ላይ አየሩ ሲያልቅ ጉሮሮ ይጨመቃል፣ ትከሻ ይነሳል። ያንን በየቀኑ ብትደግም በየቀኑ የምትለማመደው መጨመቅን ነው። ስምንት ምት የቆየ ሙሉ ድምፅ ግማሽ ደቂቃ ከተጎተተ ቀጭን ድምፅ ይበልጣል። ርዝመቱማ ሳይጠሩት ይመጣል፦ ትንፋሹ በትክክል ጠርዙን ሲያገኝ በከንቱ የሚፈሰው አየር ይቀንሳል፣ ያው ሳንባ ረዘም ያለ ድምፅ ይሰጥሃል።

ከፍታችንም የራሱ ነገር አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አንዳንድ ሰው በዚህ ምክንያት የድምፁ ልክ ራሱ ይለወጣል ሲል እሰማለሁ። አይለወጥም። ድምፅ አየር ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ ነው እንጂ የቦታው ከፍታ አይደለም። የሚያጥረው ኦክስጅኑ ነው። ሳንባህ ውስጥ የሚነፋ አየር ተርፎ ሳለ ሰውነትህ «በቃ፣ ተንፍስ» ይልሃል። ሲልህ መተንፈስ ነው፤ መታገል ምንም አያስተምርም።

«በድያፍራም ንፋ» የሚለው ምክርም ሁልጊዜ ያስቀኛል። ድያፍራም አየር ማስገቢያ ጡንቻ ነው፤ ሲነፋ ሥራው በሆድና በጎድን አጥንቶች መካከል ባሉት ጡንቻዎች ላይ ነው። ጋሼ ይህን ክርክር ሰምተው አያውቁም፣ ቢሰሙም አይፈልጉትም። ጎኔን በሁለት ጣት ወጋ አድርገው «እዚህ ጋ ሙላ» ይላሉ። ይሠራል።

ጥቅምት መጨረሻ

ከሲ ወደ ታች መውረድ አንድ ያልጠበቅሁት ጥቅም ሰጠኝ፦ እቃውን መረመረልኝ።

ሶል ደህና ነው። ሶል ፍላት ደህና፣ ፋ ደህና። ሚ ላይ ስደርስ ድምፁ በድንገት ነፋስ ይቀላቀልበታል፤ ሬ የባሰ፣ ዶ ጭራሽ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ታችኛው ዶ ለሁሉም ጀማሪ ከባድ ነው፣ እሱ አያስደንቅም። ያስገረመኝ ድካሙ ቀስ በቀስ አለመምጣቱ ነው፤ አንድ በር ላይ ይጀምራል። ከንፈር እንዲህ አያደርግም። በፋና በሚ መካከል የሚለወጠው የቀኝ እጅ መሃል ጣት ብቻ ነው። ያንን ጣት አጥብቄ ስጫነው ድምፁ ጠራ፤ ሳላላው ተመለሰ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከሲጋራ የተላጠ ስስ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጦ በፓዱ (ከቁልፉ ስር ሆኖ ቀዳዳውን የሚዘጋው ለስላሳ ክዳን) እና በቀዳዳው መካከል ማስገባት፣ ቁልፉን በቀስታ መዝጋት፣ ወረቀቱን መሳብ። ያዝ ካደረገው ደህና ነው፣ ሾልኮ ከወጣ እዚያ ጋ አየር ያፈሳል። ዙሪያውን ሞከርኩት፤ በአንድ በኩል ይሾልካል።

ሳክስፎን የሚጠግን ሰው ዘንድ ወሰድኩት። ፓዱን አውጥቶ፣ ከሚያፈስበት ጎን ስር ስስ ወረቀት ቆርጦ አስገባና መልሶ አስቀመጠው። ሻይዬን ሳልጨርስ አለቀ።

መንገድ ላይ የማስበው ስለ ዋሽንት ነበር። ዋሽንት ላይ ቀዳዳውን የሚዘጋው ራሱ ጣትህ ነው፤ ካፈሰ ቆዳህ ያውቀዋል። ጀርመናዊው ቴዎባልድ ቤም እ.ኤ.አ. በ1847 ያወጣው ፍሉት፣ ዛሬ የምንነፋው ማለት ነው፣ ቀዳዳዎቹ ጣት ሊሸፍናቸው ከሚችለው በላይ ሰፊ ናቸው፣ ቦታቸውም ለእጅ ምቾት ሳይሆን ለድምፁ ልክ ተብሎ የተመረጠ ነው። ስለዚህ ጣት ቁልፍ ይጫናል፣ ቁልፍ ፓድ ይዘጋል፣ ፓዱ በትክክል ይዘጋ አይዝጋ ጣትህ አያይም። የዋሽንት ሰው ሲሆኑ ይህን መቀበል ይከብዳል። ለማየት የቀረልህ ጆሮህ ነው፣ ጆሮ ደግሞ ለማየት ጊዜ ይፈልጋል። ያገለገለ ፍሉት ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሱቁ ውስጥ ዘፈን አትጫወቱበት፤ ከሲ እስከ ዶ በዝግታ ውረዱበት።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከንጋቱ ጀምሮ ሰፈሩ ጭስ ነው፤ የየግቢው ቆሻሻ በር ላይ ተከምሮ ይጨሳል። እማማም የራሳቸውን አቀጣጥለው እጃቸውን እያራገፉ፣ «በሽታ ያውጣልን» አሉ። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝ ይህችን ከተማ ክፉኛ የመታባት ወር ነው፤ የኅዳር በሽታ ይሉታል፣ ጭሱም ከዚያ የቀረ ነው። በዚህ ቀን ጎን ሞልቶ አየር መሳብ ቂልነት ስለሆነ ፍሉቱ ከሣጥኑ አልወጣም።

በምትኩ በስልክ የቀዳኋቸውን ሰማሁ። አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ ቀስ እያልኩ ያሳነስኩት ድምፅ ቅጂው ላይ አያንስም። ብዙ የስልክ መቅጃዎች ትንሹን ድምፅ ራሳቸው ያጎሉታል፣ ትልቁን ያሳንሱታል፤ ለንግግር የተሠሩ ናቸውና። ይህን መዝጊያ ያለው መቅጃ መፈለግ፣ ስልኩንም ከአፍ አርቆ ክፍሉ ማዶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቅርብ ከሆነ የሚቀዳው የከንፈር ነፋስ ነው፤ ሰው ደግሞ ማዶ ተቀምጦ ነው የሚሰማው።

ኅዳር፣ ከጽዮን በኋላ

ዛሬ ፒያሳ፣ ጋሼ ቤት። ሰፈራቸው በዙሪያው ፈርሶ እየተሠራ ስለሆነ አቧራው መስኮት አያስከፍትም። የሳቸው ፍሉት ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል።

«ላ ያዝ» አሉኝና እሳቸውም ላ ያዙ። አብረን ስንነፋ መካከላችን ሌላ ነገር ተወለደ፤ የሚርገበገብ፣ ዋው ዋው የሚል። ይህ ምስጢር የለውም፦ አንዱ 440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት)፣ ሌላው 442 ቢሆን በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይርገበገባል። ልዩነቱ ሲጠብ ርግብግቡ ይዘገያል፤ ሲገጥሙ ይጠፋል። ቲዩነር (የድምፅ ልክ መለኪያ) ላይ መርፌ ከማየት ይህ ይሻላል፤ መርፌ ዓይንን ያሠለጥናል።

እስክገጥማቸው ጠብቀው፣ «አሁን እኔ አልነቃነቅም፤ አንተ አሳንስ፣ እስክትጠፋ» አሉ።

አሳነስኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ርግብግቡ ተመለሰ፣ እየፈጠነ ሄደ። ወርጃለሁ። ድገም። ወረድኩ። ድገም። ትንፋሽ ሲቀንስ ፍሉት ይወርዳል፤ ይህን መስከረም ላይ ጽፌዋለሁ፣ መጻፍና መሥራት ግን ለየቅል ናቸው። ማስተካከያው ከንፈርን ትንሽ ወደ ፊት አውጥቶ የትንፋሹን አቅጣጫ ከፍ ማድረግ ነው፤ ግን ምን ያህል? መቼ?

ባለቤታቸው በዚህ መሃል ቡና አቀረቡ። ጋሼ ሲኒ ሲቀዳ በአገጫቸው አመለከቱኝ። «አየህ? ጀበናው ሲጎድል ይበልጥ ታጋድለዋለች እንጂ አታቆመውም። የሚወርደው ግን ያው ቀጭን ክር ነው።» ባለቤታቸው ቀና ብለው፣ «ደግሞ እኔን ከፉጨታችሁ አስገቡኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ገባኝ ልበል? ቢያንስ ከንፈሬ ምን መፈለግ እንዳለበት አወቀ። አየሩ መቀነስ ከመጀመሩ ጋር ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ከወረደ በኋላ ማንሳት ጊዜው ያለፈበት ነው። ቤት ስገባ ስልኩ ላይ አንድ የማያቋርጥ ላ ከፈትኩና ከእሱ ጋር ብዙ ቆየሁ። እማማ ቤት ቴሌቪዥኑ ድምፅ ጨመረ።

ኅዳር መጨረሻ

መብራት የለም። የስልኩ ባትሪ 4 በመቶ። ያለ ድምፅ ማጣቀሻ፣ በጆሮ ብቻ። ደህና ነበር።

ታኅሣሥ

ብርድ። ጠዋት ስነሳ ክፍሉ ውስጥ ትንፋሽ ይታያል ማለት ይቀራል። ፍሉቱን ከሣጥኑ አውጥቼ ቀጥታ ስነፋ ላ ከስልኩ ላ በጣም ዝቅ ይላል።

እዚህ ጋ ቁጥር ይጠቅማል። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። በፍሉቱ ውስጥ ያለው አየር በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ድምፁ 3 ሴንት ያህል ይወርዳል። 12 ዲግሪ ባለው ክፍልና 20 ዲግሪ ባለው መካከል የግማሽ ድምፅ ሩብ ገደማ ልዩነት አለ ማለት ነው። እርግጥ ስትነፋ ትንፋሽህ ቱቦውን ያሞቀዋል፣ ክፍተቱም ይጠባል፤ ግን አፉ ባለበት ጫፍ ቶሎ ይሞቃል፣ እግሩ ጋ ይዘገያል።

አደጋው ቲዩነሩን ለማስደሰት ከንፈርን ማጣመም ነው። ቀዝቃዛ ፍሉት ላይ 440 ለማግኘት ብትታገል ከንፈርህ የሚማረው ለብርዱ የተሠራ ቅርጽ ነው፤ ረፋድ ላይ ሲሞቅ ድምፁ ይወጣብሃል። ስለዚህ መጀመሪያ ማሞቅ፦ ቁልፎቹን ሁሉ ዘግቶ፣ የአፉን ቀዳዳ በከንፈር ሸፍኖ፣ ያለ ድምፅ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ወደ ውስጥ መላክ። ጾሙም ገብቶ ሆዴ ባዶ ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አየር ለማስገባት ቦታው ሰፊ ነው።

እንዲህ በሚበርድ ጠዋት ዝቅተኛዎቹን ኖታዎች አልጫናቸውም። ከሲ እስከ ሶል ወርጄ እመለሳለሁ። ሩብ ሰዓት በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከንፈር ሲደክም ጆሮም አብሮ ይደክማል፤ የማታደምጠው ረጅም ድምፅ ደግሞ ጎረቤት ማስቸገር ብቻ ነው።

ታኅሣሥ አጋማሽ

በግማሽ ድምፅ መውረዱ ጥሩ ነው፣ ግን የኛ አገር ጆሮ በግማሽ ድምፅ አያስብም። ስለዚህ መሻገሪያዎቹን በቅኝት አደረግኳቸው። ስልኩ ላይ ዶ ሳይቋረጥ ይጮሃል፤ እኔ በላዩ ላይ ሁለት ሁለት ኖታ እያያዝኩ በዝግታ እሄዳለሁ። ትዝታ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ይህ ሰፋ ሰፋ ያለ ስለሆነ ያዝናናል። አምባሰል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አንቺሆዬ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ።

አንቺሆዬ ላይ ፍሉቱ ጉዱን አወጣው። መካከለኛው ሬ ፍላት፣ ያው ዶ ሻርፕ፣ ፍሉት ላይ በደካማነቱ የታወቀ ኖታ ነው። ጣት ሁሉ ይነሳል፤ የተጫነው የቀኝ ትንሿ ጣት ብቻ ነው። ድምፁ የሚወጣው ከላይ ካለች አነስተኛ ቀዳዳ ነው፣ ስለዚህ ይቀጥናል፣ ወደ ላይም ይሸሻል። ፈጠን ያለ ዜማ ውስጥ ይህ ኖታ በመንገድ ታልፎ ይሄዳል። አንቺሆዬን ከዶ ስትጀምር ግን ዋናው ደጃፍ ላይ ነው የቆመው፤ የቅኝቱ ጠባይ ያለው ዶ ጋ ተጠግቶ በሚኖረው በዚህ ድምፅ ላይ ነው። እሱ ከሸሸ ቅኝቱ ሸሸ።

ስለዚህ ይህን ሳምንት የወሰደው ይህ አንድ መሻገሪያ ነው፦ ዶ፣ ሬ ፍላት። ዶ ላይ የነበረውን ውፍረት ይዞ መሄድ፤ ጣቱ ሲነሳ ከንፈሩ ትንሽ ቀዳዳውን ሸፈን ማድረግ፤ አየሩን አለመጨመር። ሦስቱም እኩል ካልሆኑ ወይ ይጮሃል ወይ ይከስማል። ዋሽንት ላይ ይህ ቅርብ ድምፅ ከነፊ ነፊ ትንሽ ይለያያል፣ የፒያኖንም ልክ አይጠብቅም፤ እኔም ፍሉት ላይ ከቲዩነሩ አረንጓዴ መብራት ይልቅ እዚያ ላስቀምጠው ብዬ ትንሽ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ጋሼ ሲሰሙት አላረሙኝም። ሳይወዱ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም።

የገና ሰሞን

የምሽት ቤቱ ሰዎች ፍሉቱን አምጣው ብለው አመጣሁት። የኪቦርዱ ልጅ ትዝታ በዝግታ ጀመረ። ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፤ የተለወጡትን ነገሮች ግን ለዚህ ማስታወሻ ስል ልጻፋቸው።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት አጨራረሱን ነው። ሐረግ ሲያልቅ ኖታውን እንደ ድሮዬ ቆርጬ አልጣልኩትም፤ ኪቦርዱ እስኪገባ ድረስ አብሬው ቆየሁ፣ ድምፁም አልወረደም። ሁለተኛው ያልጠበቅሁት ነው፦ ፈጣኑ ክፍል ተሻለ። ለጣቶቼ ምንም ልምምድ አልሰጠሁም። ግን ፈጣን ዜማ ማለት የመሻገሪያ ክምር ነው፤ ከኖታ ወደ ኖታ ከንፈሩ በጠፋ ቁጥር ይደነቃቀፍ የነበረው ሁሉ አሁን ተያይዞ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ማይክሮፎኑን ራቅ አደረግሁት። ድሮ ነፋሱን ለመሸፈን እጠጋው ነበር።

ያልተለወጠም አለ። ከላይ ያለው ሦስተኛው ኦክታቭ (ከዶ እስከ ዶ ያለው የድምፅ እርከን) አሁንም ይጮሃል፣ በተለይ ሚ። ለእሱ ሌላ ነገር ጀምሬያለሁ፦ የታችኛውን ዶ ጣት ይዤ፣ ጣት ሳልቀይር፣ በከንፈርና በአየር ፍጥነት ብቻ ወደ ላይ መውጣት። መጀመሪያ ዶ፣ ከዚያ ከላዩ ዶ፣ ከዚያ ሶል፣ ከዚያ ዶ፣ ከዚያ ሚ። ዋሽንት ነፊ ይህን ያውቀዋል፤ ጠንከር ብለህ ስትነፋ ድምፁ ወደ ላይ ዘሎ ይወጣል፣ ሸምበቆው ላይ በየቀኑ የምናደርገው ነው። ልዩነቱ እዚህ በኃይል ሳይሆን ክፍተቱን አጥብቦ ማስወጣቱ ነው። በዚህ መንገድ የሚመጣው ሚ ከፒያኖው ሚ 14 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል፤ ተፈጥሮው ነው፣ ቲዩነሩን ዝጉት። ሚን በዚህ መንገድ አግኝቼ ከንፈሬን ሳላነቃንቅ ወደ ትክክለኛው የጣት አያያዝ ስቀይር ጩኸቱ ይቀንሳል። ሁልጊዜ አይደለም።

ጥር፣ የከተራ ዋዜማ

ሰፈሩ ከወዲሁ ወደ ጃንሜዳ እያዘነበለ ነው፤ መንገዱ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተንጠልጥሏል፣ ወጣቶቹ ታቦቱ የሚያልፍበትን አስፋልት እየጠረጉ ነው። ነገና ከነገ ወዲያ ልምምድ የለም፤ እልልታውን የሚያሸንፍ ፍሉት አልተሠራም።

ከበዓሉ በኋላ የሚቀጥለውን ከጋሼ ጋር ተነጋገርን። ቪብራቶ (ድምፁን ሆን ብሎ ማርገብገብ) እንዲገባ ጠየቅሁ፤ «ቀጥ ብሎ የማይቆም ድምፅ ላይ ቪብራቶ መደበቂያ ነው» ብለው እስካሁን ከልክለውኝ ነበር። አሁን ፈቀዱ፣ ግን በሜትሮኖም፦ 60 ላይ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ርግብታ፣ ሲደላደል ሦስት፣ ከዚያ አራት፤ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ጀምሮ። ሲ ላይ ብቻ። ረጅም ድምፁ ግን በፊት በፊቱ ቀጥ ብሎ ይቀጥላል፣ ሩብ ሰዓቱ አይነካም።

የእማማ የልጅ ልጅ ሰዓቱን ትቶታል። ትናንት በር ላይ ቆሞ፣ «ይሄኛው ወረደ» አለኝ። ሬ ፍላት ነበር። ቲዩነሩን ከፍቼ አየሁ፤ ወርዷል። የትምህርት ቤት መዝጊያ ላይ ዋሽንት ላስጀምረው ለእማማ ቃል ገብቻለሁ፤ እስከዚያ ባለ አራት ቀዳዳ የሸምበቆ ዋሽንት ለትንሽ እጅ የሚሆን ፈልጌ ላምጣለት።